የካሴቱ ጫፍ

እሺ፣ ድምፁ እየገባ ነው መሰለኝ። ቀይዋ መብራት በርታለች። ጀበናዋን የምትጠብቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ዛሬ ግን ቡና አላፈላሁም። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ እንዲሁ ልጀምር።

ባለፈው መጨረሻ ላይ «የእማዬን ነገር ሌላ ጊዜ» ብዬ ነበር የዘጋሁት። ሦስት ሳምንት ሆነው። ሌላ ርዕስ ይዤ ሁለቴ ተቀመጥኩ፣ ሁለቴም መሀል ላይ አጠፋሁት። ይኼኛው ሳይወራ ሌላው አልወጣ አለኝ።

ምስር እየለቀመች ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ በረንዳው ላይ፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ። እኔ ከጓዳ ወደ ውጭ እየወጣሁ ነው፣ እጄ ላይ የታጠበ ልብስ አለ። እና ታንጎራጉራለች። እማዬ ሥራ ላይ ሁሌም ታንጎራጉራለች፣ እሱ አዲስ አይደለም። ግን የዚያን ቀኑ መዝሙር አልነበረም። እግሬ ነው ከኔ ቀድሞ ያወቀው፣ ደፉ ላይ ቆምኩ። የሙሉቀን መለሰን ዘፈን፣ «ሄደች አሉ»ን ነበር። ያውም እኔ ከማውቀው ቦታ አይደለም፣ ከመጀመሪያው።

የአባዬ ካሴት፣ እማዬ መዝሙር የቀዳችበት፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ጫፉን ግን አልነገርኳችሁም። የ60 ደቂቃ ካሴት ነው፣ በአንድ ጎን 30 ደቂቃ። ከሰው ተውሳ የቀዳችው የተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙር ደግሞ ሁለተኛው ጎን ላይ ቀደም ብሎ ያልቃል። ከዚያ ቀጭ ይላል፣ የመቅጃው ቁልፍ ሲነሳ። ከዚያ ከስር የነበረው ይወጣል። የሙሉቀን መለሰ ድምፅ፣ ከዘፈኑ መሀል ተነስቶ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ክሩ እስኪያልቅ።

እኔ እሱንም መዝሙር ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

ምን ላድርግ፣ ልጅ ነኝ። ካሴቱ ላይ በአባዬ እጅ «ሙሉቀን» የሚል ተጽፏል። ሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ትልልቆቹ ስለ ሙሉቀን ሲያወሩ እሰማለሁ፦ ዘፋኝ ነበር፣ ጌታን አገኘ፣ ዘፈን ተወ። ስለዚህ የሱ መዝሙር ነው አልኩ። በዚያ ላይ «ሄደች» ነው የሚለው። እኛ ቤት «ሄደች» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ «ወደ ጌታ ሄደች»። በዚያው ዓመት እማማ፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ አርፋ ነበር። ለእሷ የተዘመረ መሰለኝ። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሱን እያልኩ ነበር የምጸልየው። ሌላ የጸሎት ቃል አልነበረኝም። አሁንም ሲከፋኝ ጸሎቴ የሚመጣው በዚያ ዜማ ነው።

ያወቅኩት 2016 ላይ ነው። ሙሉቀን አሜሪካ ውስጥ አረፈ ተባለና ሬዲዮው ሁሉ እሱን ያሰማ ነበር። ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ዘፈኑ ከመጀመሪያው ጀመረ። የማላውቀው ዘፈን ነው፣ መስኮት መስኮቱን እያየሁ ነው። ድንገት የኔ ሁለት ደቂቃ መጣች። እዚያው መሀሉ ላይ፣ ያቺ ቦታ። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ፣ ረዳቱ ሁለቴ «እህት፣ ወራጅ አልነበርሽም?» አለኝ። የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነገር ነው። እማማ የለችበትም።

እና ያኔ ያሰብኩት... አሁን ስናገረው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ከልቤ ነው። ያ ሁሉ ጸሎት የት ሄደ? በዘፈን ነው የጸለይኩት። አይሰማም ነበር ማለት ነው?

አንድ ሌሊት መጽሐፍ ቅዱሱን ይዤ ተቀመጥኩ። ገላትያ 5 ላይ «ዘፋኝነት» ከስካር ጎን ተቀምጧል። እማዬም ያን ጊዜ ይህንን ይዛ ነው ዘፈን የተወችው። ሁለተኛ ሳሙኤል 6 ላይ ደግሞ ዳዊት በሙሉ ኃይሉ በእግዚአብሔር ፊት «ይዘፍን ነበር» ይላል። ያው ቃል፣ ያው መጽሐፍ፣ በአማርኛችን። ግዕዙ ላይ «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ ነው፣ ስለዚህ ዳዊት ላይ የገባው ጭፈራው ነው። ሁለቱን ገጾች በጣቴ ይዤ ስገለብጥ ነጋ። ደስ አለኝ፣ የተፈታ መሰለኝ። ጠዋት ላይ ግን፣ እማዬ የተወችው ቃል አይደለም እኮ። የባሏን ካሴት ነው።

ቆይ፣ ስለ ካሴቱ አንድ ነገር ልጨምር። አባዬ ሙዚቃ ቤት ካስቀዳው በኋላ ማንም እንዳይቀዳበት ከላይ ያሉትን ሁለቱን ቁራጮች ሰብሯቸው ነበር። ካሴት ያየ ያውቃል፣ እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ አይቀዳም። እማዬ ሁለቱንም ቀዳዳ በወረቀት ጠቀጠቀቻቸው። ወረቀቱ ዛሬም አለ፣ የደብተር ወረቀት ነው፣ ሰማያዊ መስመሩ ይታያል። አባዬ ግንባር በቀረበት ዓመት ነው ይሄ። የሱን ነገር ዛሬ አልገባበትም።

አጠፋችው ብዬ ነበር የማስበው፣ ለብዙ ዓመት። ግን ዘመኑ ደርግ ነው። ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የተዘጉበት፣ ጸሎት በየቤቱ መስኮት ተዘግቶ የሚደረግበት። ተስፋዬ ራሱ ሰባት ዓመት የታሰረበት ዘመን ነው። ላዩ ላይ «ሙሉቀን» የሚል ካሴት ውስጥ መዝሙር ማን ይፈልጋል? ምናልባት ደብቃው ይሆናል። ወይም ደግሞ ባዶ ካሴት መግዣ አልነበራትም፣ በቃ። አላውቅም። ሦስቱም ልክ ይመስሉኛል፣ እንደ ቀኑ።

ያቺ «ቀጭ» ግን። ቁልፉን ሳታነሳ ብትተወው ቴፑ ዝም ብሎ ይቀዳ ነበር፣ ዝምታውን እየቀዳ የቀረውን ያጠፋው ነበር። ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው። እሷ ግን ተነስታ ሄዳ የማቆሚያውን ቁልፍ ጫነችው።

ወደ በረንዳው ልመለስ። ቆሜያለሁ። ጣቷ ምስሩን እየገፋ፣ ጠጠሯን እያወጣ፣ ድምፁ በአፍንጫዋ ነው የሚወጣው። ቆንጆ ድምፅ አላት፣ መዘምራን ውስጥ አልገባም ብላ ነው እንጂ። ዝም ብዬ መቆም ነበረብኝ። ልብሱን ይዤ ተመልሼ መግባት ነበረብኝ። እኔ ግን «እማዬ፣ መጀመሪያውን ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

ጣቷ ቆመ። ቀና አላለችም። ሰፌዱን አንዴ ነቅነቅ አደረገችው፣ ምስሩ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ከዚያ፦

«እሱም ትቶት ነው የሄደው» አለች።

እሱም። ሙሉቀንን ነው ብዬ ነው የሰማሁት፣ ዘፈኑን ትቶ ወደ ጌታ የሄደውን። ማታ ስተኛ ግን ካሴቱን ትቶ የሄደው አባዬ ሆነብኝ። ጠዋት ደግሞ መልሼ ሙሉቀን አደረግኩት። መጠየቅ ይቻል ነበር። አንድ ቃል ነው፣ «ማን?» ማለት።

ከዚያ «ያ ካሴት የት ደረሰ?» አለችኝ።

እና እኔ «አላውቅም» አልኳት።

እዚህ ነው ያለው። እዚህ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማይኩ ስር። ሁላችሁም ታውቃላችሁ እዚህ እንዳለ። ለምን እንደዚያ አልኳት? ጨርሳ ታጠፋዋለች ብዬ ፈርቼ ነው ብዬ ነበር፣ ግን በዚህ ዕድሜዋ ምን ቴፕ አላት። ምናልባት አብረን እንስማው እንዳትለኝ ይሆናል። ፊቷን እያየሁ መስማት... ወይም እኔ ለእማማ እያልኩ ያለቀስኩበት ነገር የእሷ ሆኖ እንዳላገኘው።

ከዚያ ወዲህ አላንጎራጎረችም፣ ያንን ማለቴ ነው። መዝሙሩን ትላለች። እኔ እሷ ቤት ስሄድ ቀስ ብዬ ነው በሩን የምከፍተው አሁን፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ ምናልባት ብዬ።

ትናንትም ሄጄ ነበር። በረንዳው ላይ ነበረች፣ ሰፌዱም አለ። ደፉ ላይ ቆሜ... ክክ ነበር ትናንት፣ ምስር አይደለም። ቆምኩ፣ ትንሽ ቆየሁ። እሷ ደግሞ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ግቢ እንጂ ልጄ» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች...