ፎርማት ላድርገው?

እማሆይ፣ ላፕቶፔ ማለቴ ነው፣ ተነስተዋል። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም አልነሳ አሉኝ ብዬ ስነግራችሁ ቴሌግራም ላይ «ነፍስ ይማር» ያላችሁኝ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ደህና ናቸው። አሁንም በሳቸው ነው የምቀዳው። ማራገቢያቸው ትንሽ ያጓራል፣ ከሰማችሁ እሱ ነው። ዶሮው አይደለም። ዶሮውማ ለፋሲካ... ተዉት፣ ዛሬ እሱን አላነሳም።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ። የእማሆይ ባትሪ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ከቻርጀር ከተነቀሉ አለቀላቸው። ማታ አፕዴት ላይ ናቸው፤ ስክሪኑ «ኮምፒውተሩን አታጥፉ» ይላል። እኔ ምን ላጥፋ፣ እዚህ ጎንደር፣ ሰፈራችን ማራኪ ሙሉውን ድርግም አለ! መብራቱ ሲመለስ አስነሳኋቸው፤ ሰማያዊ ስክሪን፣ ያ ያዘነ ፊት። ደግሜ ሳስነሳ «ጥገና እየተዘጋጀ ነው» ይላል፣ ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ጭልም ይላል፣ ራሱ ይነሳል፣ እንደገና ጥገና። ሴፍ ሞድ፣ ያ በትንሹ ብቻ የሚነሳበት፣ ልግባ ብል እሱም አያስገባ። እህቴ በላዬ ቆማ «ጸበል ይወሰዱ» ትላለች። እንዲህ ያለች እህት ትስጣችሁ።

ጠዋት ጸበሉን ትቼ በባጃጅ ፒያሳ ወረድኩ። ሠሪው ልጅ ነው፣ ከኔም ያንሳል። ብዙ አልጠየቀኝም። ነቀለ፣ ጀርባቸውን ፈታ፣ የሞተውን ባትሪ አወጣና ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ያዘ። «ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ ይውጣ» አለኝ። ከዚያ ራሙን፣ ጊዜያዊ ማስታወሻቸውን፣ አወጣና ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ፈተገው። በላጲስ! መለሰው፣ አስነሳ፣ ያው ነጠብጣብ። ምንም አልመሰለውም። «ራም አይደለም። ራም ቢሆን ብዙ ጊዜ እዚህ ድረስም አይደርስም፣ ስክሪኑ ጥቁር እንዳለ ይቀራል» አለ። እኔ ነጠብጣቡ ሲመጣ ተስፋ ቆርጫለሁ፣ ለካ ነጠብጣቡ ጥሩ ዜና ነው።

ከዚያ ነው እንግዲህ። ቀና ሳይል፣ ብሎኑን በጣቱ እያሽከረከረ፣ «ፎርማት ላድርገው?» አለኝ።

«አድርገው» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። ሳልተነፍስ። ፎርማት ማለት እኮ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለት ነው። ከአጠገቤ ፕሪንተር ታቅፈው የተቀመጡ ሰውዬ ዞር ብለው አዩኝ። ልጁም ብሎኑን አስቀመጠ። «ባክአፕ አለሽ?» «የለኝም።» «ምንም?» «ምንም።» «ታዲያ እህቴ፣ ምን አስቸኮለሽ? እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፋይሌን አድንልኝ ብሎ እግሬ ላይ ነው የሚወድቀው።» ነገሩን የተናገረው እየሳቀ ነው። እኔም ሳቅኩ። ግን አያችሁ... «አድርገው» ስል ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ቅልል አለኝ። አልደነገጥኩም። ቅልል ነው ያለኝ። ያ ነው እስካሁን የማይለቀኝ። ሌሊት ተኝቼ ይመጣል፤ «ላድርገው?» «አድርገው»። ሰው ንብረቱ ሲቃጠል እፎይ ይላል እንዴ?

እዚያ ውስጥ ያለውን ታውቃላችሁ። የአያቴ ቅጂ፣ ክፍል ሁለት። አዎ፣ «መቼ ነው የምትለቂው» የምትሉኝ። ቢጠፋ ኖሮ እዚህ ተቀምጬ በጠወለገ ድምፅ «ወገኖቼ፣ መብራት ሄዶ ተቃጠለብኝ» እላለሁ፣ እናንተ «አይዞሽ» ትሉኛላችሁ፣ አለቀ። ማንም አይጠይቀኝም። እኔ... አይ፣ ይሄን ያኔ አስቤዋለሁ ማለቴ አይደለም። ያኔ ምንም አላሰብኩም። አሁን ነው ያሰብኩት። ወይም አሁን እየፈጠርኩት ነው፣ እንጃ።

ልጁ ለማንኛውም እሺ አላለኝም። «መጀመሪያ ልይልሽ» ብሎ ፍላሽ ሰካ። ፍላሹ ላይ ኡቡንቱ አለ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሌላ ሲስተም፤ ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ ይነሳል፣ ዲስኩን አይነካም። እማሆይ በሰው ነፍስ ተነሱ ማለት ነው። ዲስኩም ተከፈተ። የሚያነብ እንጂ የሚጽፍ አይደለም፤ ዊንዶውሱ በወጉ ስላልተዘጋ መጻፍ ይከለክላል። «ለኛ ማንበቡ ይበቃናል» አለ። ደግሞ ምን አለኝ፣ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ቢሆን ኖሮ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቀኝ ነበር፤ እሱን ካላመጣሁ ማንም አይከፍተውም። እማሆይ ግን መች ይቆለፋሉ፣ ገርበብ እንዳሉ ኖረዋል።

ኮፒ ሲያደርግ ቁጭ ብዬ መስመሯን አያለሁ። ፒያሳ ቁጭ ያለ ሰው ወደ ግንቡ ማሰቡ አይቀርምና፣ ምን ትዝ አለኝ፤ አፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ ማውጣታቸው። ቤተ መጻሕፍት ሊያደርጉት ነው፣ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሁሉ አንድ አምባ ላይ። ከዚያ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ መጣ፣ 350 የሚያህለው ብራና ዛሬም ለንደን ነው ያለው። እኛ ጎንደሬዎች ይሄን ስናወራ እንቆጫለን፣ እኔም እቆጫለሁ፣ ትምህርት ቤት እያለሁ ጽሑፍ ሁሉ ጽፌበታለሁ። እና የራሴን አንድ ቅጂ በላጲስ ለሚፈትግ ልጅ «አድርገው»... በቃ፣ እሱን ከእኔ ላፕቶፕ ጋር ምን አገናኘው።

ኮፒው አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ዊንዶውሱን የነካው፤ ዲስኩን አስፈተሸ፣ የማስነሻ ፋይሎቹን በትዕዛዝ መስመር እንደገና ሠራቸው፣ እማሆይ ተነሱ። ግን ኢንተርኔት አይከፍቱም፤ ድረ ገጹ ሁሉ «ደህንነቱ አይታመንም»። ልጁ ቀኑን ያያል፣ 2018። «ትክክል ነዋ፣ 2018 አይደል?» አልኩት። ሳቁ! ፕሪንተር የታቀፉት ሰውዬ ጭምር። ማዘርቦርዱ ላይ ሰዓት የምትጠብቀው የሳንቲም ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለዋ፣ ሞታ ነው፤ ቀኑ ወደ ፋብሪካው ዘመን ተመልሷል፣ በፈረንጅ 2018። በኛ ልክ ገብቶ ነው እንጂ። ባትሪዋን ቀየረ፣ ሁሉም ተከፈተ።

ዲስኩ ግን የተበላሹ ቦታዎች አሉት። «ብዙ አይቆይልሽም፣ ኤስኤስዲ እናድርግበት» ብሎኛል፣ አዲሱን ዓይነት ዲስክ ማለቱ ነው። እሄዳለሁ። እስካሁን አልሄድኩም። ዝናብም ነበር፣ ገንዘብም... ፋይሉ ግን አሁን እዚህም አለ፣ ኤክስተርናል ላይም አለ፣ እህቴ ጋም አለ። ጠፋ ማለት አልችልም። ለእህቴ የሰጠኋት ራሴ ነኝ ደግሞ። ለምን ሰጠኋት?

አያቴ የጠቀሰቻቸው ሰው በሕይወት አሉ፣ ይሄን ነግሬያችኋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል «ማሽንሽ ተነሳልሽ ወይ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ተነሳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አለፍኩ። ቤት ደርሼ ነጠላዬን ሳወልቅ ነው... ማን ነገራቸው? እህቴ አልነገርኩም አለች። ለጎረቤት አላወራሁም። ያወራሁት ለእናንተ ነው፣ ቴሌግራም ላይ።

ልጃቸው ከፍቶላቸው ይሆናል። ስልክ አላቸው። እና ከሰሙ ክፍል አንድንም... አንቱ፣ እየሰሙኝ ከሆነ፣ እኔ... አይ። ቆይ። ይሄን እቆርጠዋለሁ መሰለኝ። ወይም...