አውራውን መቼ ነው የምናሰናብተው?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ አውራ በግ ነው የማወራችሁ።

እኛ ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት እንቆጥራለን። የአያት የቅድመ አያት ስም ይጠራል፣ አንድ ስም ከተገናኘ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ጋጣው ውስጥ ግን አንድ ቤት እንኳን አንቆጥርም። አባት ልጁን፣ ወንድም እህቱን ሲያጠቃ፣ ማለትም ለመራባት ሲገናኛት፣ እያየን እናልፋለን። «በግ ምን ዝምድና ያውቃል» እንላለን። እውነት ነው፣ አያውቅም።

እስቲ መንዝ ላይ ያለ አንድ ቤት አስቡ። 8 እናት በግ፣ አንድ አውራ። አውራው ከገባ 5 ወር ላይ ግልገል መወለድ ይጀምራል። ጥሩ የበላች ቄብ፣ ገና ያልወለደች ወጣት ሴት በግ፣ ደግሞ በ6 በ7 ወሯ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች። 5 እና 6፣ 11። ስለዚህ አውራው በገባ በ11ኛው ወር አካባቢ የመጀመሪያዋ ልጁ ደርሳ ትጠብቀዋለች ማለት ነው። ደጋ ላይ መኖ ስለሚያጥር ብዙዎቹ ቄቦች ከዚህ ይዘገያሉ። ግን ልብ በሉ፣ ቀድማ የምትደርሰው ፈጥና ያደገችው ናት። ለዘር እናስቀራት ያልናት፣ ምርጧ፣ እሷ ነች ለአባቷ የምትተርፈው።

ከአባትና ከልጅ የሚወለደው ግልገል የዘር መጠጋጋቱ 25 በመቶ ነው። በአባት ብቻ ከሚገናኙ ወንድምና እህት 12.5፣ ከአጎት ልጆች 6.25። ቁጥሩ የሚለው፣ ከእናትም ከአባትም የመጣው የዘር ቅጂ ከአንድ አያት የተቀዳ ያው አንድ ቅጂ የመሆን ዕድሉን ነው። ተደብቆ የኖረ ጉድለት የሚወጣው ያኔ ነው። የታችኛው መንጋጋ አጥሮ ሣር መንጨት ያቅተዋል፣ ወይም አንዱ ቆለጥ ሆድ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ዓይነቱ ግን ቢያንስ ይታያል። የባሰው የማይታየው ነው፦ ግልገሉ ቀሎ ይወለዳል፣ ቶሎ ተነስቶ አይጠባም፣ የክረምቱ ብርድ ይወስደዋል። ባለቤቱም «ዘንድሮ አልበረከተልኝም» ብሎ ያልፈዋል።

ግልገል በሞተ ቁጥር ዝምድናን መክሰስም ልክ አይደለም። የበጋው ግልገል በሙሉ ከደከመ ጉዳዩ የመኖ ነው። ያቺው እናት በተመሳሳይ ወቅትና መኖ ከባዳ አውራ ጠንካራ ወልዳ፣ ከዘመዷ ደካማ ከወለደች ግን ጠርጥሩ።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሒሳብ አለ። አንድ አውራ ከ8 እናቶች ጋር ተዘግቶ፣ ከውጭ ሌላ በግ ሳይገባ ቢቀመጥ፣ መጠጋጋቱ በየትውልዱ 14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እሺ፣ እናቶቹን 40 እናድርጋቸው። ስንት ይሆናል? 13! ምንም አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ማነቆው ወንዱ ነው። ለእነዚያው 40 እናቶች 4 አውራ ስናደርግ ግን ወደ 3.4 ይወርዳል። 4ቱ የአንድ አባት ልጆች ካልሆኑ ነው ታዲያ፤ ጉልበተኛው ብቻውን እንዳያጠቃ መከፋፈልም ያስፈልጋል።

አንድ ቤት 4 አውራ መቀለብ አይችልም። 5 ቤት ተባብሮ ግን ይችላል። በ2009 እ.ኤ.አ. መንዝ፣ ቦንጋ፣ ሆሮና አፋር ላይ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ እርባታም አውራን በጋራ መርጦ በጋራ መጠቀም ላይ የቆመ ነው።

አውራው ሲዘዋወር ባንድ አቅጣጫ ይሁን። የኔ ጠቦት ወደ እርስዎ፣ የእርስዎ ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛው ወደ አራተኛው፣ የአራተኛው ወደ እኔ። ቄቦቹ እዚያው ይቀራሉ። ሁለት ቤት ብቻ እርስ በርስ ሲለዋወጥ ይበላሻል። ለምን? በሚቀጥለው ዙር ከእርስዎ የሚመጣልኝ አውራ አባቱ የኔው ጠቦት ነበር። እኔ ጋ የሚጠብቁት አክስቶቹ ናቸው።

ሌላው የሚረሳው ጠቦቱ ነው። አውራውን ቀይረን ያልተኮላሹትን ጠቦቶች ከእናቶቻቸው ጋር ካሰማራን ምንም አልሠራንም፤ በ5 በ6 ወሩ እናቱንም እህቱንም ሊያጠቃ ይችላል። ስለዚህ 4 ወር ሲሞላው ወይ ለይቶ ማሰማራት፣ ወይ ቡርዲዞ በሚባለው የማኮላሻ መቆንጠጫ ማኮላሸት። ችግሩ ፋሲካ ሲመጣ ቀድሞ የሚሸጠው ደልደል ያለው ጠቦት ነው፤ ቀጭጮ የቀረው ይሰነብትና ሳናስበው አውራ ይሆናል። እንደኔ እንደኔ፣ ለአውራነት የታሰበው ጠቦት ከበዓሉ በፊት ተመርጦ ምልክት ይደረግበት።

አመራረጡ ከእናቱ ይጀምራል፦ በየጊዜው ትወልዳለች? ግልገሎቿ ያድጋሉ? ከዚያ ቆለጦቹን በእጅ መዳሰስ፤ ሁለቱም የወረዱ፣ እኩል፣ ጠንከር ያሉ ይሁኑ። ከገበያ የመጣ ከሆነ ቢያንስ 3 ሳምንት ለብቻው ታስሮ ይቆይ። የበግ ፈንጣጣና የበግና የፍየል ደስታ በሽታ (PPR) ብዙ ጊዜ የሚገቡት በአዲስ በግ ነው። ከሩቅ የመጣ ባዳ አውራ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ እናቶቹ የቱንም ያህል የተጠጋጉ ቢሆኑ፣ ከእሱ የሚወለደው ግልገል መጠጋጋቱ ዜሮ ነው። የዚያ አውራ ሴት ልጆች ሲደርሱ ግን ቆጠራው እንደገና ይጀምራል።

የጋራ ግጦሽ ላይ ማን ማንን እንዳጠቃ እንዴት ይታወቃል? ቀይ ቀለም በዘይት ለውሶ የአውራው ደረት ላይ መቀባት፣ በየሦስት በየአራት ቀኑ ማደስ። የተጠቃችዋ በግ ዳሌዋ ላይ ይቀራል። በ17 ቀን ቀለሙን መለወጥ፤ አዲሱ ቀለም የታየባት አልያዘችም ማለት ነው። የጎረቤት አውራ ከመሃል ከገባ ግን ይህም አይረዳም፣ አብሮ ከሚያሰማራው ሰው ጋር መነጋገር ነው።

ደብተር ላይ የእናት ቁጥር፣ የአባት ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን። መጻፍ የሚያስቸግረው ቢያንስ አውራው የገባበትን ቀን ግድግዳው ላይ በከሰል ይጻፍ። ከዚያ 10 ወር ቆጥሮ፣ የሚወጣበትን ቀን ከጎኑ።