ፖርት ያለው ሰው ትኩሳት ይዞ አያድርም

የአድማጮች ጥያቄና መልስ። ለኬሞቴራፒ ተብሎ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ስለሚቀበረው ፖርት፣ ማለትም መድኃኒት በቱቦ ወደ ደም ሥር ስለሚያስገባው ትንሽ መሣሪያ፣ በስልክ ለቀረቡ ጥያቄዎች የካንሰር ሐኪሙ መልስ ሰጥተዋል።

ጥያቄ፦ ፖርት ከተቀበረልኝ ሁለት ወር ሆነኝ። ገላዬን መታጠብ እችላለሁ?

መልስ፦ ቁስሉ ከዳነና መርፌ ካልተሰካበት ይታጠቡ።

ጥያቄ፦ ሕክምናዬን ሕንድ ጨርሼ ተመለስኩ። ፖርቱ በየጊዜው በፈሳሽ እንዲታጠብ ነግረውኛል። የሰፈራችን ክሊኒክ «እኛ እናጥብልዎታለን» አለኝ። ልሂድ?

መልስ፦ መጀመሪያ በምን መርፌ እንደሚወጉዎት ይጠይቁ። የፖርቱ አናት ሲሊኮን ነው፤ የሚወጋውም ሁበር በሚባል ልዩ መርፌ ብቻ ነው። ተራ መርፌ ሲሊኮኑን እየቦረቦረ ስለሚያወጣው በኋላ መድኃኒቱ ወደ ሥጋ ይፈሳል። ሲሪንጁም ከ10 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም፤ በትንሽ ሲሪንጅ ሲገፋ ግፊቱ በርትቶ ቱቦውን ሊቀደው ይችላል። ያልሠለጠነ እጅ አያስነኩት። ከእንግዲህ የማያስፈልግዎት ከሆነም እንዲወጣ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ፖርቷ ታጥቦ ቤት እንደገባን ብርድ አንቀጠቀጣት። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹላት። ፓራሲታሞልና ከፋርማሲ የገዛነውን አሞክሲሲሊን ስንሰጣት አልቧት ለቀቃት። ትናንት ኬሞ ስትጀምር እንደገና ተነሣባት።

መልስ፦ ልጄ፣ ስልኩን ዝጋና እናትህን አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰድ። ሌሎቻችሁም አድምጡኝ፤ ይህን ታሪክ ደጋግሜ ስለምሰማ ያመኛል። ፖርት በተነካ ቁጥር የሚመጣ ብርድ ምች አይደለም። ጀርም በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይራባል፤ ፈሳሽ ሲገፋበት በቀጥታ ወደ ልብና ወደ መላው ደም ይሄዳል። ሰውየው የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ፓራሲታሞል የቴርሞሜትሩን ቁጥር ያወርዳል እንጂ ጀርሙን አይነካውም። ያለ ትእዛዝ የተዋጠ አሞክሲሲሊን ደግሞ ቱቦው ላይ የተጣበቀውን ሳያጠፋ የደም ምርመራችንን ያሳስታል፤ የትኛው ጀርም እንደሆነ እንዳናውቅ ያደርገናል። ብዙውን ጊዜ ከኬሞ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ በጣም ያንሳል። ያን ጊዜ መግልም መቅላትም ላይታይ ይችላል፤ ትኩሳቱ ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ሰው ሊሞት ይችላል። እባካችሁ ቤታችሁ ቴርሞሜትር ይኑር። 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ሳይደርስም ካንቀጠቀጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ፤ ቀጠሮ አትጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ተራ ከመያዛችሁ በፊት «ኬሞ ላይ ነኝ፣ ፖርት አለኝ፣ ትኩሳት ይዞኛል» በሉ። ደም ከፖርቱም ከክንድም ይወሰዳል። ጸበል መሄድ የምትፈልጉ ከሆስፒታል መልስ ሂዱ፤ አልከለክልም።

ጥያቄ፦ በፖርቱ በኩል ያለው ክንዴ አበጠ። ወጌሻ ይሽልኝ?

መልስ፦ በፍጹም! ቱቦው ባለበት የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናል፤ ሲታሽ ተቆርጦ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ዛሬውኑ በአልትራሳውንድ ይታዩ። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ፊትዎ ካበጠ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተሰጥቶ ፖርቱ ሳይወጣ የሚድኑ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ ሲገባ ደረቴን ያቃጥለኛል። ነርሶቹን ላለማስቸገር ዝም እላለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያዋጣም። እንደ ቀዩ አድሪያማይሲን ያለ መድኃኒት ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ይገድላል። ባቃጠለሽ ቅጽበት «አቁሙልኝ» በያቸው። ከመጀመሩም በፊት ደም ከፖርቱ መሳቡን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ፈሳሽ ይገባል፤ ደም ግን አይመለስም።

መልስ፦ አንዳንዴ ጫፉ ከሥሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው፤ እጅ ሲነሣ ወይም አንገት ሲዞር ይስተካከላል። አንዳንዴ ግን ቱቦው በአንገት አጥንትና በመጀመሪያው የጎን አጥንት መካከል ተቆንጥጦ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሊበጠስ ይችላል። ራጅ ሳይታይ ኬሞ አይሰጥበት፤ በኃይልም አይገፋ።

ጥያቄ፦ ፖርቱ ላይ ያለው ቆዳ ቀልቶ ሳስቷል። ምን ልቀባው?

መልስ፦ ምንም አይቀቡ። ነገ ጠዋት ፖርቱን ለቀበረልዎት ሐኪም ያሳዩ። ዛሬ ማታ ቴርሞሜትሩ 38 ካለ ግን ነገን አይጠብቁ።