መሬቱ አልጠማውም

እሺ፣ እንደምን ናችሁ። ዛሬም ስለ ጉዝጓዝ ነው፤ መደብን በገለባ፣ በሣር ወይም በእንጨት ስንጥርጣሪ ስለማልበስ። አውቃለሁ። «አሁንስ አበዛሽው» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ የምትልኩትን ሁሉ አነባለሁ። «አልብሱት» የምትለዋን ቃሌን ቲሸርት ላይ እናሳትማት ያላችሁኝ ደግሞ ተዉኝ እስቲ። ዛሬ «አልብሱት» ልል አይደለም የመጣሁት። ምን ልል እንደመጣሁም እንጃ። አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። ከእናንተ ጋር ባወራው ይወጣልኝ ይሆናል።

የአጥር ማዶዋን እማማን መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ጋሪዬ ሲጮህ «ያ በሽተኛ ዛሬም አልሞተም?» የሚሉት። እሳቸው ናቸው።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ጋብ አለ ማለት ያው ነው፣ ትንፋሽ ለመውሰድ ያህል። እኔ አጥሩ ሥር ያለው መደብ ላይ ተንበርክኬ የእንጨት ስንጥርጣሪ እበትናለሁ። ጎመኖቹ ገና ችግኝ ናቸው። እማማ መጥተው ቆሙ። ዝም ብለው ያያሉ። እሳቸው ደግሞ ዝም ብለው የሚያዩ ሰው አይደሉም። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ መጨነቅ ጀመርኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉኝ።

«እየጎዘጎዝኩ ነው፣ እማማ።»

«ለምን?»

«እርጥበቱን እንዲይዝልኝ ነዋ።»

ምንም አላሉም። በአጥሩ ክፍተት እጃቸውን አስገቡ። ስንጥርጣሪውን በጣታቸው ገለል አድርገው ከሥሩ አንድ ጭብጥ አፈር ዘገኑ። ጨመቁት። ውሃው በጣቶቻቸው መሃል ወጣ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እጃቸውን ሲከፍቱት አፈሩ ድብልብል ብሎ ቀርቷል፤ የጣቶቻቸው ምልክት አንድ በአንድ ይታያል። እንዳየው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ መሬት እኮ አልጠማውም።»

በቃ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ገቡ።

ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቴን ነው። ክርክር እችላለሁ። እሳቸው ግን ጭቃውን ጠረጉና ሄዱ። ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። የማን ጉዳይ ነው ያለቀው? እኔ እኮ ገና ተንበርክኬ ነው ያለሁት፤ ጋሪው ሙሉ ነው።

አሁን «እርጥበቱን እንዲይዝልኝ» የምትለዋን እንያት። ማን ነው አፌ ላይ ያስቀመጣት? ስለ ጉዝጓዝ የሚጻፈው ሁሉ በእሷ ነው የሚጀምረው። ፀሐይ እንዳያደርቀው፣ ትነት እንዲቀንስ፣ ውሃ እንዲቆጥብ። ውሸት አይደለም። ግን እውነትነቱ በጋ ለሚያቃጥለው ሰው ነው። ሰማዩ ሳይለመን ለሚያወርድበት ሰው ይቺ መልስ ምን ትሠራለታለች?

ማታ ማታ ጋደም ብዬ ለእማማ እመልስላቸዋለሁ። እንዲህ እላቸዋለሁ፦ እማማ፣ እኔ የማለብሰው ከጥም ላድነው አይደለም፤ ከዱላ ላድነው ነው። ትልልቁ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ጥቃቅኑን ጓል ይደረምሰዋል። ደቃቁ አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍናል። ሲደርቅ ላዩ ይጋገራል። ከዚያ የሚመጣው ዝናብ መግቢያ ያጣና ላይ ላዩን ይሄዳል፤ አፈሩንም ይዞት ይሄዳል። የሚረጨው ጭቃ ደግሞ ቅጠል ላይ ይወጣል። ብቻውን አይደለም የሚወጣው፤ አፈር ውስጥ ያደረውን የፈንገስ ዘር ይዞ ነው። ቲማቲም ብዙ ጊዜ ነጠብጣብ ማውጣት የሚጀምረው ከታችኛው ቅጠል ነው፤ ለምን ይመስልዎታል እማማ?

እንዲህ ብዬ አሸንፋቸዋለሁ። አልጋዬ ላይ። ጠዋት ስነሳ ግን ያ የተጨመቀ አፈር አለ።

ምክንያቱም... እሺ፣ ይሄን ነገር ቀስ ብዬ ልበለው። ሲጨመቅ ውሃ የሚያንጠባጥብ አፈር አየር የለውም። ቀዳዳው በሙሉ በውሃ ተይዟል። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል። አየር ሲታጣ ባክቴሪያዎቹ ናይትሬቱን፣ ተክሉ የሚመገበውን ናይትሮጅን ማለት ነው፣ ወደ ጋዝ ቀይረው ያበኑታል። የቀረውን ዝናቡ አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋል። አንዱ ዝናብ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ያለችው ጊዜ አፈሩ ትንፋሽ የሚያገኝባት ናት። እኔ በዚያች ጊዜ ምን አደርጋለሁ? እከድነዋለሁ።

ቆይ ግን። ቆይ። በምን እንደከደንኩት ይለያያል። ስንጥርጣሪው እኮ ሸካራ ነው። ውሃውን ያሳልፋል፤ በመሃሉ አየር ይገባል። ለዚህ ብዬ ነው የመረጥኩት። ለእማማ ይሄንንም አላልኩም። ስንጥርጣሪ ሌላ፣ ሰጋቱራ ሌላ። ሰጋቱራ ደቃቅ ነው፤ ይጠቀጠቅና ውሃውንም አየሩንም ከላይ ይመልሳል። ሣር ደግሞ... ትኩስ ሣር አጭደሽ ከምረሽ ፎቶ የላክሽልኝ፣ ስም አልጠራም፣ ራስሽን ታውቂያለሽ። እርጥብ ሣር በወፍራሙ ሲነጠፍ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ራሰ ምንጣፍ ነው የሚሆነው። ከሥሩ አየር የለም። ይሸታል። ሲነኩት ያዳልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አድርቂው። ከዚያ በስሱ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል። እሱ ሲያልቅ ሌላ ትጨምሪያለሽ። ፀረ አረም የተረጨበት ከሆነ ግን አጠገቡም አታድርሺው።

«እንጨት ናይትሮጅን ይበላል» የምትሉኝ ሰዎችም መጣችሁ አይደል? ይኸው ልመልስ፣ ከዚያ ተዉኝ። አፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ለ1 እጅ ናይትሮጅን 24 እጅ ያህል ካርቦን ሲያገኙ ይስማማቸዋል። ገለባ ላይ ካርቦኑ ወደ 80 እጅ ነው። ሰጋቱራ ላይ በመቶዎች ይቆጠራል። ስለዚህ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይበደራሉ። ብድሩ ግን እንጨቱና አፈሩ በሚነካኩባት ስስ ቦታ ላይ ነው። ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ሥሩ ካለበት አይደርስም። ችግሩ ቆፍራችሁ ስትቀላቅሉት ነው። አትቀላቅሉት። አለቀ።

ስንጥርጣሪውን ጥግ ላይ ቆልላችሁ ዝናብ እየመታው የከረመ ከሆነ ደግሞ ከመበተናችሁ በፊት አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካላችሁ አየር አጥቶ ኮምጥጧል። እንደዛው ብትጥሉት ለጋ ተክል ያቃጥላል። ዘርጉት፣ ነፋስ ይምታው፣ ሽታው ይሂድ። ጫካ ጫካ ከሸተተ ግን ምንም አይደል።

ደግሞ ቢጫው ነገር! [ሳቅ] ባለፈው ፎቶ ልኬላችሁ የተጨቃጨቃችሁበት። ዝናብ ባደረ ማግስት ስንጥርጣሪው ላይ የሚያብጠው ቢጫ አረፋ። ፉሊጎ ሴፕቲካ ነው ስሙ። ፈረንጆች «የውሻ ትውከት» ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው፣ ቁርጥ እሱን ነው። ፈንገስ እንኳ አይደለም። ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ ባክቴሪያና ሻጋታ እየበላ ነው የሚሄደው። ተክሉን አይነካም። ከዚያ ይደርቅና ዱቄት ሆኖ ይበናል። አንድ ቀን ጠዋት ቁጭ ብዬ አየሁት። ሥራ ነበረኝ፣ ትቼው አየሁት። እንቅስቃሴው በዓይን አይያዝም፤ ግን ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ጫፉ ሌላ ቦታ ነበር። ምን ልል ነበር ግን?

አዎ። እማማ።

ከሄዱ በኋላ የእሳቸውን መደብ አየሁት። ሁሌ አየዋለሁ፣ ግን ያን ቀን አየሁት። ባዶ ነው። አንዲት ገለባ የለችበትም። የሽንኩርቱ ቅጠል እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሷል። ያ ዱላ የምላችሁ ነገር እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ይኸው እማማ!» ልል ነበር። ግን መደቦቻቸው ከፍ ያሉ ናቸው፤ በመሃላቸው ያለው ቦይ ጥልቅ ነው። ውሃው በቦዩ እየተንኳለለ ይሄዳል። እኔ ጋ ውሃው የት እንደሚሄድ አላውቅም። ማለቴ አውቃለሁ፤ የትም አይሄድም። ሽንኩርት ደግሞ ከሥር ያለው ራሱ ሲያብጥ አንገቱ ደረቅ እንዲሆን ይፈልጋል። ሽንኩርቱን ባለመሸፈናቸው እማማ ትክክል ናቸው ማለት ነው። ጎመን ግን ሽንኩርት አይደለም።

እናንተ ደግሞ «ሩት ስታውትስ?» ትሉኛላችሁ። አሜሪካዊቷ ሴትዮ። ድርቆሽ በ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየከመረች፣ መቆፈር የለ፣ መኮትኮት የለ፣ ስትል ኖራ እ.ኤ.አ. በ1980 በ96 ዓመቷ ያረፈችው። እወዳታለሁ። ስንፍናዬን ያከበረችልኝ ብቸኛ ሰው ናት። ግን እንግሊዛዊው ቻርለስ ዳውዲንግም አለ። እሱም አይቆፍርም። ያለበት አገር ግን ርጥብ ነው፤ ስለዚህ ድርቆሽና ገለባ አያነጥፍም፣ ቀንድ አውጣ ያራባል ባይ ነው። የበሰለ ብስባሽ በስሱ ያለብሳል፣ አለቀ። ሁለቱም መሬታቸው ያምራል። ታዲያ ማንን ትሰማለህ?

የማታ ፈረቃዎቹን በተመለከተ እሱ ልክ ነው። ዛጎል የሌላቸውን ቀንድ አውጣዎች ማለቴ ነው፤ አዲስ አድማጭ ካለ ብዬ። በባትሪ ወጥቼ ስንጥርጣሪውን ገለጥኩት። ተኝተዋል። ቀን ቀን የሚያርፉበት ቤት ሠርቼላቸዋለሁ፤ ርጥብ፣ ጨለማ፣ ጎመኑ በር ላይ። አንዷ ችግኝ ግንዷ ብቻ ቀርታለች፤ ጫፏ ላይ ያ የሚያብለጨልጭ ዝልግልግ አለ። ስለዚህ ችግኙ እስኪጠነክር መጠበቅ ነው የሚሻለው። ከጠነከረ በኋላም ከግንዱ ሁለት ጣት ራቅ ማድረግ። ዛፍ ከሆነ አንድ ጋት፣ ከዚያም በላይ። ቅርፊቱ ላይ አትቆልሉ፣ ይበሰብሳል። ውፍረቱም 10 ሴንቲ ሜትር የሚባለው ለእኛ አይነቱ ዝናብ ይበዛብኛል። 5፣ ቢበዛ 7።

ግን አያችሁ፣ ይሄ ሁሉ «እንዴት» ነው። እማማ የጠየቁኝ «ለምን» ነው።

እና ዝናቡ ሳይጀምር ማልበስ አለብኝ? ያኔ አፈሩ ገና አልጠገበም፣ የመጀመሪያውን ዱላ ይችላል። ወይስ ውሃው እስኪጠነፍፍ ልጠብቅ? ከጠበቅኩ ዱላው አልፏል። በመሃል ማልበስ፣ አሁን እኔ የማደርገው ማለት ነው፣ ከሁሉም የማይሆነው ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት። ምክንያቱም ስንጥርጣሪው ሸካራ ከሆነ... አይ። ተመልሼ እዚያው ገባሁ።

በነጋታው የመደቡን ግማሽ ገለጥኩት። ግማሹን ተውኩት። ሙከራ ነው ብዬ። ሙከራ ግን አይደለም፣ መወሰን አቅቶኝ ነው። እማማ መጥተው አዩ። ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ የለበሰ። ሳቁ። «አጋማሽ ላይ ደክሞሽ ነው?» አሉኝና ሄዱ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ዝናቡ ሲያልፍ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ እማማ ያኔም አያለብሱም። የዚያኔ እኮ ይጠማዋል! ውሃ ተሸክመው ሲያጠጡ አያቸዋለሁ። ያኔ ለምን አያለብሱም? ይሄን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አጥሩ ሥር ቆመው ሳለ። ግን ብጠይቃቸው መልስ አላቸው። እሳቸው መልስ አጥተው አያውቁም። አጭር መልስ ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ እሱን ይዤ እከርማለሁ። ወይም ያለብሳሉ፣ እኔ ነኝ ልብ ያላልኩት። ሊሆን ይችላል። በደረቁ ወራት አጥሩ ጋ ብዙም አልሄድም...

እንጃ። ጋሪው አሁንም እንደሞላ ነው። ቲማቲሙን ግን አለብሰዋለሁ፤ በቲማቲሙ ማንም አያሸንፈኝም፣ ማለቴ ታች ያሉት ቅጠሎች ገና ንጹሕ ስለሆኑ... ወይ መጀመሪያ ቦዩን ልቆፍር? ቦዩ ከተቆፈረ ምናልባት ያኔ ሌላ ነገር... የቦይ ነገር የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። «አልብሺው» ብቻ እንዳትሉኝ።