የኢንተርኔት ቼስ ሰዓት፦ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ሰከንድ ጭማሪ? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

በዚህ ሳምንት በስልክ የደረሱን አብዛኞቹ ጥያቄዎች በኢንተርኔት ቼስ የሚጫወቱ አድማጮች የጊዜ ገደብን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚሰጠውን ደቂቃና በየእርምጃው የሚታከልለትን ሰከንድ (ጭማሪ)፣ እንዴት መምረጥ እንዳለባቸው የሚመለከቱ ስለነበሩ፣ የባለሙያችንን መልሶች በአንድነት አቅርበናል።

ከአራት ኪሎ፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የምጫወተው ያለ ጭማሪ በ3 ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ በልጬ እያለሁ ሰዓቴ አልቆ እሸነፋለሁ። ጓደኞቼ 2 ሰከንድ ጭማሪ ያለውን ምረጥ ይሉኛል። 2 ሰከንድ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?»

መልስ፦ ያመጣል፤ ምክንያቱን በስሌት እንየው። ያለ ጭማሪ በ3 ደቂቃ የሚደረግ ጨዋታ 60 እርምጃ ከሄደ ለአንድ እርምጃ የሚደርሰው በአማካይ 3 ሰከንድ ነው። በየእርምጃው 2 ሰከንድ ሲጨመር በ60 እርምጃ ውስጥ የሚያገኙት ጊዜ በድምሩ 5 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ያለ ጭማሪ 5 ደቂቃ ከተሰጠው ተጫዋች ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ የሚታየው በአከፋፈሉ ላይ ነው። 5 ደቂቃውን በአንድ ጊዜ የተቀበለ ሰው አብዛኛውን በመክፈቻውና በመካከለኛው ጨዋታ ሊጨርሰው ስለሚችል፣ ሁለት ወታደር በልጦ ወደ ፍጻሜው ሲገባ 4 ሰከንድ ብቻ ሊቀረው ይችላል፤ ያን ጊዜ የበላይነቱን ወደ ድል የሚለውጥበት ዕድል የለውም። ጭማሪ ያለው ተጫዋች ግን ምንም ያህል ቢጣበብ እያንዳንዱን አዲስ እርምጃ ቢያንስ በ2 ሰከንድ ይጀምራል። በሩክ (ግንብ በሚመስለው ጠጠር) እና በንጉሥ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት የማድረግን (ማምለጫ የማሳጣትን) ዘዴ ጠንቅቆ ላወቀ ሰው ይህ በቂ ነው።

ይህን አሠራር ያስተዋወቀው የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር ሲሆን፣ ለሰዓቱ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ በ1992ም ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር በድጋሚ ሲገናኝ በዚሁ ሰዓት ተጫውቷል። ዛሬ የዓለም የብሊትዝ (የፈጣን ቼስ) ሻምፒዮና የሚካሄደው እርስዎ በጠየቁት ገደብ፣ ማለትም በ3 ደቂቃና በ2 ሰከንድ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ከወደዱት ደቂቃውን አይቀይሩት፤ ጭማሪውን ብቻ ይጨምሩበት። እስከ 20ኛው እርምጃ ድረስም ከ1 ደቂቃ በታች እንዳይወርዱ ይጠንቀቁ፣ ምክንያቱም በ2 ሰከንድ የለመዱትን ዘዴ መድገም ይቻላል እንጂ አዲስ ሐሳብ ማፍለቅ አይቻልም።

ከፒያሳ፦ «የ11 ዓመት ልጄ ቼስ ጀምራለች። በስልኬ የምትጫወተው በጣም ፈጣኑን ነው። የትኛውን ላስለምዳት?»

መልስ፦ እናት ሆነው ይህን ማስተዋልዎ ያስመሰግናል። ለጀማሪ የምመክረው 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ነው። የዓለም የራፒድ (ከብሊትዝ ረዘም ያለ ጊዜ የሚሰጠው ቼስ) ሻምፒዮናም የሚካሄደው በዚሁ ገደብ ነው። 60 እርምጃ የሄደ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች እስከ 25 ደቂቃ ስለሚደርስ፣ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ጨዋታ ብቻ መጫወትና ቀሪውን ጊዜ ጨዋታውን መልሶ ለመመልከት ማዋል ይቻላል። ጊዜ ካጠረ 10 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ይበቃል።

ቡሌት የሚባለውን፣ ማለትም የ1 ደቂቃውን ጨዋታ፣ ለጊዜው እንድታቆየው ቢያደርጉ እመርጣለሁ። ጀማሪ ልጅ ከሁሉ አስቀድማ መልመድ ያለባት ተጋጣሚዋ ከሄደ በኋላ «ምን ሊበላብኝ ነው?» ብሎ መጠየቅን ነው፤ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ደግሞ ጥቂት ሰከንዶች ያስፈልጋሉ። በ1 ደቂቃ ጨዋታ ጥያቄውን የሚዘልል ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚያሸንፍ፣ ልጅቱ የምትማረው መዝለሉን ይሆናል። ይህ ልማድ ሥር ከሰደደ በኋላ ለማስተው ብዙ ያደክማል።

ከሜክሲኮ፦ «የምጫወተው በሞባይል ዳታ ነው፤ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። የሚስማማኝ ገደብ አለ?»

መልስ፦ ሁለት ዓይነት ችግር መኖሩን እንለይ። መልእክቱ በጥቂቱ ዘግይቶ ሲደርስ እንደ ሊቼስ ያሉ ድረ ገጾች የባከነውን ጊዜ በተወሰነ መጠን ያካክሳሉ። ግንኙነቱ ፈጽሞ ሲቋረጥ ግን ሰዓትዎ መሮጡን ይቀጥላል፤ ከቆይታ በኋላም ተጋጣሚዎ አሸናፊነቱን እንዲጠይቅ ሊፈቀድለት ይችላል። ጭማሪው ከመቋረጡ የሚጠብቅዎ ባይሆንም፣ ሲመለሱ የጎደለውን ቀስ በቀስ ለመሙላት ያስችላል። ስለዚህ ከ10 ደቂቃ ያላነሰ፣ ከ5 ሰከንድ ያላነሰ ጭማሪ ያለውን ይምረጡ። መንገድ ላይ ከሆኑ ደግሞ ለአንድ እርምጃ ሦስት ቀን የሚሰጠውን ዓይነት ይሞክሩ፤ በታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ እርምጃ አስቦ ስልክን ወደ ኪስ መመለስ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

ከስታዲየም፦ «የ10 ደቂቃ ጨዋታ ራፒድ ነው ወይስ ብሊትዝ?»

መልስ፦ በዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን በፊዴ ሕግ ብሊትዝ ነው፤ በቼስ ዶት ኮምና በሊቼስ ራፒድ ነው። ፊዴ የመነሻውን ጊዜ ከ60 እርምጃ ጭማሪ ጋር ደምሮ 10 ደቂቃና ከዚያ በታች የሆነውን ብሊትዝ ይለዋል። ሊቼስ የሚደምረው የ40 እርምጃ ጭማሪን ሲሆን፣ ራፒድን የሚጀምረው ከ8 ደቂቃ ነው። ነጥብዎን ከጓደኛዎ ነጥብ ጋር ሲያወዳድሩ መጀመሪያ ገጹና ምድቡ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ከካዛንቺስ፦ «ጡረተኛ ነኝ። ሩክ ለሩክ ቀርተን፣ አቻ መሆኑ እየታወቀ፣ ወጣቱ ተጋጣሚዬ ሰዓቴ እስኪያልቅ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ይህ ጨዋነት ነው?»

መልስ፦ አባታችን፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ወጣቱ ግን ሕግ አልጣሰም። ያለ ጭማሪ በሚደረግ ጨዋታ ሰዓት ራሱን የቻለ መሣሪያ መሆኑን ሁለታችሁም ስትጀምሩ ተቀብላችኋል። ፍጥነት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፦ በቀድሞው ሰንጠረዥ፣ ማለትም በአገራችን ባህላዊ ቼስ፣ «ወረራ» በሚባለው መነሻ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠብቁ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ሽቅድድሙ አብቅቶ በተራ መጫወት ይጀመራል።

በአካል በሚደረግ ውድድር፣ አዘጋጁ አስቀድሞ ካሳወቀ፣ ያለ ጭማሪ በሚጫወቱት ስታንዳርድ (ረጅም ጊዜ የሚሰጣቸው) እና ራፒድ ጨዋታዎች ከ2 ደቂቃ በታች የቀረው ሰው ተጋጣሚው በወጉ ለማሸነፍ እየጣረ እንዳልሆነ ለዳኛው ሊያመለክት ይችላል። በኢንተርኔት አጠገብዎ ዳኛ የለም። ሰዓት ሲያልቅ የሚጠብቅዎ ድንጋጌ ግን አለ፦ ሰዓትዎ ሲያልቅ ተጋጣሚዎ የቀረው ባዶ ንጉሥ ከሆነ ውጤቱ አቻ ይሆናል። ሩክ ካለው ግን ተሸንፈዋል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ጨዋታ ጀምሮ 5 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ይምረጡ፤ በ3 ሰከንድ ሩክዎን ከንጉሡ አርቀው እያመላለሱ ያን አቋም እስከፈለጉት ድረስ መያዝ ይችላሉ፣ ወጣቱም አቻውን ከመቀበል ሌላ አማራጭ አይኖረውም።