ሙሴ ነርሲስ፣ ኖታና ትዝታ

እሷ፦ ሰላም ድሬዎች፣ ሰላም ሐረሮች፣ በያላችሁበት እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳ ላይ ሆነን ነው የምንቀዳው። ቤት ውስጥ በሙቀቱ አልተቻለም። የባጃጅ ድምፅ ከገባባችሁ ታገሱን።

እሱ፦ እኔም ትራምፔቴን ይዤ መጥቻለሁ። የዛሬው ወሬ ያለሷ አይሆንም።

እሷ፦ የምናወራው ስለ አንድ የኦርኬስትራ መሪ ነው፤ ስለ ነርሲስ ናልባንዲያን። አብረውት የሠሩት "ሙሴ ነርሲስ" ነው የሚሉት፤ ሙሴ በፈረንሳይኛ አቶ እንደማለት ነው። ግን እሱን ለማንሳት መጀመሪያ አጎቱን ማንሳት አለብን። አጎቱን ካነሳን ደግሞ ባቡሩ ይመጣል።

እሱ፦ ባቡሩ ከመጣ ድሬ መጣች በያ!

እሷ፦ አዎ፣ ድሬ መጣች። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ መንገዳቸውን በኢየሩሳሌም አደረጉ። እዚያ የአርመኖች ገዳም ውስጥ አርባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ዘመን በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ናቸው። ወላጅ የላቸውም። ራስ ተፈሪ አገሬ ልውሰዳቸው ብለው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነሱ ናቸው።

እሱ፦ አሁን እዚህ ጋ ቆይ። ያኔ ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣ ባቡር የጅቡቲው ብቻ ነው። ያ ማለት በእኛው ለገሀር አልፈዋል። መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ድሬ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ይገባል። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጅ ሆኜ በዚያ በር ምሳውን ይዤለት ስገባ ኖሬያለሁ። የነዚህን ልጆች ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ ግን ባለፍኩ ቁጥር እነሱ ናቸው የሚታዩኝ። እናት የላቸው፣ አባት የላቸው፣ ቋንቋውን አያውቁ። ያላቸው የሚነፉት ነገር ብቻ ነው።

እሷ፦ አብሯቸው የመጣው የሙዚቃ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል። የአይንታብ ሰው ነው፤ አይንታብ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። "ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ" የሚለውን መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በነገሡበት በዓል ላይ ተሰማ። እስከ አብዮቱ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆየ።

እሱ፦ አቦ! አገር ያጣ ሰው ለአገር መዝሙር ሠራ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

እሷ፦ ነርሲስ የዚህ ሰው የወንድሙ ልጅ ነው። እዚያው አይንታብ በፈረንጅ 1915 ተወለደ። ዓመቱን ልብ በል፤ እልቂቱ የጀመረበት ዓመት ነው። ቤተሰቡ ተሰዶ ሶርያ፣ ሐለብ ገባ። ነርሲስ ያደገውም ሙዚቃ የያዘውም እዚያ ነው። በፈረንጅ 1938፣ ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ኢትዮጵያ ወደ አጎቱ መጣ። አገሩ በጣሊያን እጅ ነበር።

እሱ፦ ከዚያ በኋላ ያልሠራበት ቦታ የለም። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ፣ ትምህርት ቤቶች፣ የመዘምራን ቡድኖች፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፣ ኦርኬስትራውን መርቷል። እኔ ግን የሥራ ቦታዎቹን ከመቁጠር አንድ ቀን ሥራው ምን ይመስል እንደነበር ማሳየት ይሻለኛል።

እሷ፦ አሳየን እንግዲህ።

እሱ፦ ሰው ኮንዳክተር ሲባል በትር ይዞ የሚወዛወዝ ሰው ነው የሚመስለው። ዋናው ሥራ ከመድረኩ በፊት ነው። አንቺ ኪቦርዱ ላይ ዶን ያዢ። እኔም በትራምፔቴ ዶ እነፋለሁ። አዳምጡ።

(ኪቦርድና ትራምፔት አንድ ላይ ይሰማሉ)

እሷ፦ ኧረ ይጎረብጣል!

እሱ፦ ሁለታችንም ዶ ነው ያልነው። የትራምፔት ዶ ግን ከኪቦርዱ ዶ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላል። መሣሪያው ሲሠራ እንደዚያ ነው የተሠራው። ካንቺ ጋር እንድገጥም እኔ ሬ መንፋት አለብኝ። አልቶ ሳክስ የያዘው ልጅ ደግሞ ላ ይነፋል። ስለዚህ አንድ ዘፈን ለኦርኬስትራ ሲዘጋጅ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ ኖታ ይጻፋል። ያንቺ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ከሆነ የኔ ወረቀት ላይ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ ተብሎ ይጻፋል። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን፣ በእጅ! ሙሴ ነርሲስ ይሄን ሁሉ ነበር የሚሠራው። ያቀናብራል፣ ያስተምራል፣ ፒያኖ ይቃኛል፣ ከዚያ ነው መድረክ ላይ የሚወጣው።

እሷ፦ አሁን ያቺን የሠርጉን ነገር ንገራቸው።

እሱ፦ እሺ። ባለፈው አንድ ሠርግ ላይ ጎበዝ ልጅ ኪቦርድ ይጫወታል። ትዝታ ያዘ። ከስር ኮርዶቹን፣ አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች ማለቴ ነው፣ እየቀያየረ ሲያሳምር አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ፊታቸውን ቋጠሩ። "ልጄ፣ ይቺ ትዝታ ሰው ገባባት" አሉኝ። ሙዚቃ አልተማሩም። ጆሯቸው ግን አልሳተም። ቤቴ ገብቼ ኪቦርዱ ላይ ሞከርኩት።

እሷ፦ ማን ገብቶባት ነው?

እሱ፦ ሲ። ትዝታ ውስጥ ሲ የለችም። ፋም የለችም። ልጁ ሶል ላይ ኮርድ ሲይዝ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ይሆናል። ያቺ ሲ ከሌላ ቤት የመጣች ናት። የፈረንጁ የኮርድ አሠራር ባለ ሰባቱን ድምፅ ይዞ ነው የበቀለው። የእኛ ቅኝት በአምስት ነው የሚቆመው፤ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም። አንዱን እንዳለ አንስተሽ በሌላው ላይ ከጫንሽው ዜማው ይለቅሻል።

እሷ፦ ሙሴ ነርሲስን የምወደው እዚህ ጋ ነው። ምዕራባዊውን ሙዚቃ አሳምሮ ያውቃል። ያንን ጭኖባቸው ቢሄድ ማንም አይከለክለውም ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ቅኝቶቹን አጠና። የአገሩን ዘፈን ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብር ጠረኑ እንዳይጠፋ ይጠነቀቅ ነበር። ውጭ አገር ተወልዶ የመጣ ሰው የእኛን ዜማ ከብዙዎቻችን በላይ ሳሳለት ማለት ነው። ዋሪያ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም!

እሱ፦ ቀላል አይደለም። እኔ ራሴ ልጅ እያለሁ በአንድ ባንድ ውስጥ ስማር የእኛ ዘፈን ልምምድ አይቆጠርም ነበር። ማርሽ ስንነፋ ነው ሙዚቃ የሚባለው። ትዝታ ስንነፋ መምህሩ "ጨዋታችሁን ተዉ" ይለናል። ስንት ዓመት ሙሉ የእናቴን ዜማ እያፈርኩበት ኖርኩ። ይሄን ሰውዬ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ እላለሁ።

እሷ፦ ተማሪዎቹም ወርሰውታል እኮ። ከእሱ እጅ የወጡ ሙዚቀኞች ናቸው በኋላ የከተማውን ባንዶች የሞሏቸው። እሱ ራሱ ግን ለብዙ ዓመት ዜግነት አልነበረውም። ያገኘው ዘግይቶ ነው። በፈረንጅ 1977 አረፈ።

እሱ፦ አንድ ነገር ልጨምር። መሪው በትሩን ወደ ታች ሲያወርድ ነው ሙዚቃው የሚጀምረው፤ አይደል? ለነፊ ግን ከዚያ በፊት የምትመጣዋ ትበልጣለች። በትሩ ወደ ላይ ስትነሳ መሪውም አብሮ ይተነፍሳል። ያኔ እኛም አየር እንስባለን። ምን ያህል ፈጣን እንደሚሆን፣ ምን ያህል ለስላሳ እንደሚሆን ከዚያች ትንፋሽ እናውቃለን። መሪው ሳይተነፍስ ካወረደ ሃያ ሰው በሃያ ዓይነት ይገባል።

እሷ፦ ታዲያ እንሞክረው። ትዝታ፤ በአምስቱ ድምፅ ብቻ። ሲ እንዳትገባ።

እሱ፦ እኔ ከሬ ነኝ፣ አንቺ ከዶ። ምሪን እንግዲህ።

እሷ፦ አንድ፣ ሁለት...

እሱ፦ አቦ ቆይ! ትንፋሹን ስጪኝ እንጂ።

እሷ፦ እሺ። እየኝ።

(ትንፋሽ ይሰማል፤ ከዚያ ትዝታ)