የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ካራቫን ገዝቶ ማከራየት ያዋጣል?

ባለፈው እሁድ በስልክ ከገቡት ጥያቄዎች ግማሹ ስለ አንድ ጉዳይ ነበር፤ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ላይ ካራቫን ገዝቶ ለእረፍተኞች ማከራየት። ካራቫን ስንል መኪና የሚጎትተውን ትንሹን አይደለም። መኝታ ቤቶች፣ ሳሎን፣ ማድ ቤትና ሻወር ያለውን፣ ጎማ ቢኖረውም አንዴ ፓርክ ውስጥ ከቆመ የማይነቃነቀውን ነው። ሰዓት አልቆብን ያሳጠርኳቸውን መልሶች እዚህ ዘርዘር አድርጌአቸዋለሁ። እኔም ኬንት ውስጥ አንዲት ባለ ሁለት መኝታ ካራቫን ለስምንት ዓመት አከራይቻለሁ። ስለዚህ የማወራው የደረሰብኝንም ጭምር ነው።

ከሰሜን ለንደን፦ እቁብ ደርሶኝ 20 ሺህ ፓውንድ ይዣለሁ። በዚህ ብር ቤት አይገዛም። ካራቫን ገዝቼ ባከራይ ስንት ይተርፈኛል?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ካራቫን ስሙ ቤት ይሁን እንጂ ዋጋው እንደ መኪና ነው የሚወርደው። መሬቱ የፓርኩ ነው፤ አንተ የምትገዛው ሳጥኑን ነው። ሳጥኑ እዚያ እንዲቆም በየዓመቱ ሳይት ፊ ትከፍላለህ። ውሉ ደግሞ እስከ መቼ መቆም እንደሚችል ይወስናል። ዘመኑ ሲያልቅ "አንሳልን" ይሉሃል።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ እንደየፓርኩ ይለያያሉ፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸውን ስድስት የበጋ ሳምንታት በ650 ፓውንድ አከራየህ፤ 3,900። የፋሲካን ሁለት ሳምንት፣ የሜይንና የኦክቶበርን አጫጭር ዕረፍቶች በ450፤ 1,800። አርብ ገብተው ሰኞ የሚወጡ ስምንት እንግዶች በ220፤ 1,760። ድምሩ 7,460 ፓውንድ። ደስ ይላል አይደል?

አሁን ወጪውን። ሳይት ፊ 5,000። አሥራ ስምንት ጊዜ ጽዳት፣ በ60 ፓውንድ፣ 1,080። ኢንሹራንስ 300። የጋዝ ምርመራና ብርዱ ሲገባ ውሃ ማስወጣት 250። ጋዝና መብራት 500። የተሰበረ ስኒ፣ የተቀደደ መጋረጃ፣ ልጆች የዘለሉበት ሶፋ 250። ድምሩ 7,380።

የተረፈህ 80 ፓውንድ ነው። በወር አይደለም፣ በዓመት። ካራቫኑ ፓርኩ ላይ የቀረው ዕድሜ አሥር ዓመት ከሆነ ደግሞ፣ የእቁብ ብርህ በየዓመቱ ወደ ሁለት ሺህ እየሸሸ ነው። መጨረሻ ላይ የሚሰጡህ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ታዲያ አንተ ምን ቆርጦህ ገባህበት ብትለኝ፣ እኔ የገዛሁት ልጆቼ ባሕር ዳር እንዲያድጉ ነው። የሌላውን ሳምንት ኪራይ ለሳይት ፊው አደርገዋለሁ። በዚህ ዓይን ካየኸው ጥሩ ነገር ነው። ደሞዝ እንዲሆንህ ከፈለግህ ግን ብርህን ያዝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የምታገኝ ከሆነ ቁጠባህ ከ16 ሺህ ፓውንድ ሲያልፍ ክፍያው ይቋረጣል። የእቁቡ ብርም፣ ካራቫኑም፣ ኪራዩም መነገር አለባቸው።

ከኤሴክስ፦ ሻጩ "እኛው እናከራይልሻለን፣ ሳይት ፊሽን ራሱ ይሸፍንልሻል" አለኝ። ልመነው?

እህቴ፣ ሰውየው የሚከፈለው ካራቫኑ ሲሸጥ ነው። ከዚያ በኋላ ቢከራይ ባይከራይ የእሱ ጉዳይ አይደለም። ያለሽን ነገር በጽሑፍ ስጠኝ በይው። ከኪራዩ ፓርኩ ስንት ይወስዳል? ኦገስትን ለነሱ አሳልፈሽ መስጠት ግዴታ ነው? ጽዳቱን ማን ይከፍላል? ካልተከራየስ? አንዳንድ ፓርክ በራስሽ ማከራየትን ጭራሽ ይከለክላል። አንዳንዱ በነሱ በኩል ብቻ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ የእንግዶቹን ስም ካስመዘገብሽ ግድ የለውም። ይህ ሁሉ ውሉ ውስጥ አለ፤ ሳትፈርሚ ይነበባል።

መሸጥ ስትፈልጊ ፓርኩ ከሽያጩ የሚወስደውንም ዛሬውኑ ጠይቂ። ሰዎች ቋሚ መኖሪያ ላደረጓቸው የፓርክ ቤቶች ሕጉ ከ10 በመቶ በላይ አይፈቅድም። ለዕረፍት ካራቫን ግን የሚሠራው የፈረምሽው ነው።

ከሊድስ፦ ሦስት ጓደኛሞች ተዋጥተን ብንገዛስ?

ይቻላል። ግን ውሉ ላይ የሁላችሁም ስም እንዲገባ ፓርኩን ጠይቁ። ካልተቻለ በመካከላችሁ ወረቀት ጻፉ። ኦገስት የማን ነው? አንዱ ልውጣ ቢል ማን ይገዛዋል? የተጣሉ ሰዎች አውቃለሁ። የተጣሉት በገንዘብ መስሏችሁ ነው? ሻወሩን ሳያጸዳ በወጣ ሰው ነው።

ከበርሚንግሃም፦ ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ታክስ አይመለከተኝም አይደል?

ይመለከትሃል። በታክስ ዓመቱ፣ ማለትም ከኤፕሪል 6 እስከ ቀጣዩ ኤፕሪል 5፣ ከንብረት ኪራይ የመጀመሪያው 1,000 ፓውንድ ነፃ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 1,000 የተባለው ከወጪ በፊት የገባው ገንዘብ እንጂ ትርፉ አይደለም። ከዚያ ካለፈ ለኤችኤምአርሲ፣ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ማለት ነው፣ ማሳወቅ አለብህ። ከዚያ ትመርጣለህ፤ ወይ 1,000ውን ትቀንሳለህ፣ ወይ እውነተኛ ወጪህን። ሳይት ፊ የሚከፍል ሰው ሁለተኛው ነው የሚጠቅመው። ካራቫኑን ራስህ የተጠቀምክባቸውን ሳምንታት ወጪ ግን አስገብተህ መቀነስ አይቻልም። የሊድሶቹ ሦስት ጓደኛሞች ቢገዙ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው በየድርሻቸው 1,000 አላቸው።

ዓመታዊ የታክስ መግለጫ መሙላት ካለብህና ከዚህ በፊት ሞልተህ የማታውቅ ከሆነ፣ የታክስ ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ኦክቶበር 5 መመዝገብ አለብህ። በኢንተርኔት የሚሞላው እስከ ጃንዋሪ 31 ነው። "ማን ያውቃል" የምትል ከሆነም፣ ከ2024 ጀምሮ የኪራይ ድረ ገጾች ያከራዩላቸውን ሰዎች ገቢ ለኤችኤምአርሲ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ለዕረፍት ኪራይ የነበረው ልዩ የታክስ አያያዝም በኤፕሪል 2025 ቀርቷል። የዱሮ ምክር የሚሰጥህ ወዳጅ ካለህ ንገረው።

ከኮቨንትሪ የደወሉ እናት፦ እንግዶቼ ሀበሾች ናቸው፤ ቡና ያፈላሉ። ችግር አለው እንዴ?

እማማ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ቡናው አይደለም ችግሩ፣ ከሰሉ ነው። ካራቫን ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ጠባብ ሳጥን ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ከዚያ ማንም አይነቃም። ባርቤኪው ጠፍቷል ብለው ወደ ውስጥ አስገብተው ያደሩ ሰዎች በእንግሊዝ ድንኳንና ካራቫን ውስጥ ሞተዋል። እኔ በሩ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለጥፌአለሁ፦ "ከሰል ወደ ውስጥ አይገባም፤ ያለቀ ቢመስልም።" አንድ ጊዜ የመጡ እንግዶቼ ምጣዱን በጋዙ ላይ ጣዱና ቡናው መጨስ ሲጀምር የጭስ ጠቋሚው ጮኸ። አንዱ ጎረምሳ ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ነቀለ። ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ባትሪው ከሹካዎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ባትሪው የማይወጣ ጠቋሚ አስገባሁ። እጣኑም ቡናው መቁላቱም ደጅ፣ በረንዳው ላይ ነው። ጀበናው ውስጥ ይፍላ፣ ግድ የለም።

በገንዘብ ካከራዩ የጋዝ ዕቃዎቹን በዓመት አንዴ ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ የተመዘገበ ባለሙያ ማየት አለበት። ሕግ ነው። ወረቀቱን ሁለት ዓመት ያስቀምጡ። ኢንሹራንስዎንም "አከራያለሁ" ብለው ይንገሩ፤ ተራው የቤተሰብ ኢንሹራንስ ከፋይ እንግዳን ላይሸፍን ይችላል።

ከኒውካስል፦ በብርድ ጊዜ ዘግቼው ብሄድ ምን ይሆናል?

ውሃውን ሳታስወጣ ከሄድክ ቧንቧው ይፈነዳል። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘግቼ በቃ ብዬ ሄድኩ። ማርች ላይ ተመልሼ ስከፍተው ሻወሩ ጋ አንድ ነገር "ጧ" አለ። ከዚያ ውሃው ከግድግዳው ሥር ወጥቶ ምንጣፉን አራሰው። ቱቦው ውስጥ የቀረው ጥቂት ውሃ በረዶ ሆኖ የሻወሩን የሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ማደባለቂያ ሰንጥቆት ኖሯል። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ቦታ ካጣ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍተህ፣ ቦይለሩን ባዶ አድርገህ፣ የሻወሩን ቱቦ ወደ ታች አውርደህ፣ የቀረውን ውሃ በአየር ገፍተህ አስወጥተህ ነው የምትሄደው። ሽንት ቤቱና የእቃ ማጠቢያው ጉሮሮ ላይ ትንሽ አንቲፍሪዝ (ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚያደርገውን ፈሳሽ) ጨምርበት። ካልቻልክ ባለሙያ ክፈል፤ ከአዲስ ሻወርና ምንጣፍ ይረክሳል።

የጋዙ ሲሊንደርም ቀዩ፣ ፕሮፔኑ ይሁን። ሰማያዊው ቡቴን ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ጋዝ መለወጡን ያቆማል፤ እንግዳህ ጠዋት ተነስቶ ሻይ አያፈላም።

ከክሮይደን፦ የአክስቴ ልጅ ለኦገስት አንድ ሳምንት ፈለገ። ገንዘብ መጠየቅ አፈርኩ።

ይሉኝታ ሳይት ፊ አይከፍልም። እኔ ለዘመድ የማርችን ሳምንት በነፃ እሰጣለሁ፣ ቁልፉንም ራሴ አደርሳለሁ። ኦገስትን ማንም አይነካብኝም። "ኦገስት በሙሉ ተይዟል" በለው፤ ለሳይት ፊው ተይዟልና ውሸት አይደለም። ከከፈለህ ግን እንደማንኛውም እንግዳ መያዣ ተቀበል፤ የመግቢያና መውጫ ሰዓቱንም ጻፍለት። የፓርኩ መዋኛና ጨዋታ ብዙ ጊዜ ለብቻው እንደሚከፈልም ቀድመህ ንገረው። ካልነገርከው ልጆቹ በር ላይ ሲመለሱ የሚደውለው ላንተ ነው።

ከሉተን፦ ልጄ የቤት ኪራይ ከብዶት ካራቫኑ ውስጥ ልኑር ይላል።

አይሆንም። የዕረፍት ፓርክ ውል ቋሚ መኖሪያ አይፈቅድም፤ ብዙዎቹ በዓመት ለተወሰኑ ሳምንታትም ይዘጋሉ። የ1983ቱ የሞባይል ሆም ሕግ ጥበቃም ለዕረፍት ካራቫን አይሠራም፤ ፓርኩ ቢያስወጣው በዚያ ሕግ መከራከር አይችልም።

የመጨረሻዋ፣ ከካርዲፍ፦ ማኅበራችን እንቁጣጣሽን ባሕር ዳር ማክበር ፈልጓል። ውድ ነው?

ርካሽ ነው! መስከረም 1 ሲደርስ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ ዋጋው ወርዷል፣ ባሕሩም ገና አልቀዘቀዘም። አምስት ስድስት ካራቫን ጎን ለጎን የምትፈልጉ ከሆነ በግንቦት ለፓርኩ ደውሉ። ስትደውሉም ለሊቱን መዝሙር እንዳለ ንገሯቸው፤ ከማታው አራት ሰዓት (በእንግሊዝ አቆጣጠር 10 ሰዓት) በኋላ ድምፅ የሚከለክሉ ፓርኮች ብዙ ናቸው።